ከኋላ የተጀመረ ደብተር

አባባ ደብተር አይጥሉም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንግሥት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ነዳጁን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ጎማውን፣ ሁሉን መዝግቦ ማስረከብ ልማድ ሆኖባቸው ቀረ። ማና ወረዳ አንዲት ትንሽ የቡና ማሳ አለችን። ከእማዬ አባት የተወረሰች ናት። የእሷም ሂሳብ በአንድ የተማሪ ደብተር ይጻፋል። ሽፋኑ ላይ በትልቁ «የቡና» ይላል።

ባለፈው ክረምት ጣሪያችን አፈሰሰ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ስናርቅ ያ ደብተር ከኋላው ወደቀ። ከፊት ሲገልጡት ቡና ነው። የለቀማ ሠራተኛ፣ ጆንያ፣ የጭነት መኪና። ገልብጠው ከኋላ ሲጀምሩት ግን ሌላ ደብተር ነው። የመጀመሪያው መስመር «መጋቢት 9 ቀን 2007። ካርድ። ትኬት 2።» ይላል።

ታናሽ ወንድሜ ያኔ 19 ዓመቱ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከአንገቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንደኛ ዓመት ላይ፣ ከቤት ርቆ፣ በግራ በኩል ከአንገቱ ሥር አንዲት እብጠት ወጣችበት። አታመውም። ሲነካት ትንቀሳቀሳለች። ቀጥሎ ሌሊት ሌሊት ማላብ መጣ። ሱሪው ሰፋው። እኛ በስልክ «የካፌው ምግብ አልተስማማህም» እንለው ነበር።

በእኛ ቋንቋ አንድ ቃል ለሁለት በሽታ ይሠራል። ነቀርሳ። ቲቢውም ነቀርሳ ነው፣ ካንሰሩም ነቀርሳ ነው። አበው ምን አይተው አንድ ስም እንደሰጧቸው እንጃ። የወንድሜ አንገት ላይ ግን ሁለቱ ተገናኙ። እዚያው በሚማርበት ከተማ ያየው ክሊኒክ የእጢ ቲቢ ነው አለው። ሙሉ በሙሉ አልፈርድባቸውም። በአገራችን የወጣት አንገት ላይ እብጠት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፣ ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል። ማላቡም፣ ትኩሳቱም፣ መክሳቱም ለሁለቱም አንድ ነው። የምፈርድባቸው ከእብጠቱ ናሙና ሳይወስዱ ኪኒን በመጀመራቸው ነው። ሦስት ወር ዋጠ። እብጠቷ ሁለት ሆነች፣ ሦስት ሆነች።

ለዚያ ሦስት ወር መድኃኒት ወንድሜ አምስት ሳንቲም አልከፈለም። የቲቢ መድኃኒት ነጻ ነው።

የካቲት ላይ ለሴሚስተር ዕረፍት ሲመጣ እማዬ በሩ ላይ አይታው ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ነገሩ ከባድ ነው። ከአንገቱ አንዷ እጢ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ወጥታ ተመረመረች። ውጤቱ ሆጅኪን ሊምፎማ አለ። ወረቀቱን የሰጡን ሐኪም ቀስ ብለው አስረዱን። ወጣት የሚወድ ካንሰር ነው፣ ከሚድኑትም ዋነኛው ነው፣ መድኃኒቱ ግን ሳይቆራረጥ መሰጠት አለበት። አራት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ቀን፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ 12 ጊዜ። በድምሩ ስድስት ወር። አባባ ከዚያ ሁሉ የያዙት «12» የምትለዋን ነበር።

እንግዲህ ነጻው ነቀርሳ ቀርቶ የሚያስከፍለው ነቀርሳ መጣ። ለምን አንዱ ነጻ ሆኖ ሌላው እንዳልሆነ ደጋግሜ አስቤያለሁ። መልሱ ቀላል ነው። ቲቢ ይተላለፋል። ካልታከምክ ጎረቤትህን ታሲዛለህ፣ ስለዚህ መንግሥትም ለጋሹም ይከፍላል። ካንሰር አይተላለፍም፣ ስለዚህ የራስህ ነው። እኔ ግን ከኪስ ወደ ኪስ ሲተላለፍ አይቻለሁ። መጀመሪያ የአባባን ጡረታ ያዘ፣ ቀጥሎ የእኔን እቁብ፣ ከዚያ የአጎቴን በሬ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 400,000 ያህል ከ0 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶች በካንሰር ይያዛሉ። ሀብታም አገር ከተወለዱት ከ100 ከ80 በላይ ይድናሉ። በድሃ አገር የሚድኑት ከ30 በታች ናቸው። ልዩነቱን የሚሠራው ምን እንደሆነ እኔ ከደብተሩ አነባለሁ። ለወንድሜ የታዘዙት አራቱም መድኃኒቶች እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የሚታወቁ ናቸው። አዲስ ግኝት አልጠበቅንም። የጠበቅነው አውቶቡስ ነው።

ያኔ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልን። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት መናኸሪያ መድረስ፣ ሰኮሩን አልፎ ወደ ጊቤ በረሃ መውረድ፣ ከዚያ ወልቂጤ፣ ወሊሶ፣ ሰበታ። የሂሳብ መምህርት ነኝና አስልቼዋለሁ። 12 ዙር ደርሶ መልስ 24 ጉዞ ነው። አስታማሚ ስለማይቀር ሁለት ሰው ነው። 48 ትኬት። ወንድሜ አንድ ካንሰር ለማከም 8,400 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። አባባ መኪና ሲነዱ እንኳ በስድስት ወር ይህን ያህል የሄዱ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉም ነገር በደንብ ሲሄድ ነው። ኬሞ ከመሰጠቱ በፊት ደም ይመረመራል። ነጭ የደም ሴሉ ከወረደ «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ» ይባላል። ያን ቀን መድኃኒት የለም፣ ትኬት ግን አለ፣ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ። በደብተሩ ሦስት ቦታ ላይ «ሳይወስድ ተመለሰ» የሚል አለ። ከጎኑ የወጣው ብር ተጽፏል። አባባ ከነዚህ አንዱን ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። የንዴት መስመር ነው።

መድኃኒቱስ? ሦስቱ በአብዛኛው ይገኛሉ። አራተኛው፣ ዳካርባዚን የሚባለው፣ ይጠፋል። «ከውጭ ግዙ» ይባላል። ከውጭ ማለት ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ ማለት ነው፣ አንዳንዴም ከአገር ውጭ ማለት ነው። ወረቀት ይዤ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሬያለሁ። «የለም»፣ «አልቋል»፣ «ሰው ልጠይቅልሽ» የሚሉትን መልሶች ከአስተያየታቸው መለየት ተምሬያለሁ። «ሰው ልጠይቅልሽ» ማለት አለ፣ ዋጋው ግን ወንበር ይዘሽ ስሚ ማለት ነው። ዳካርባዚን ብርሃን አይወድም። ስለዚህ ሲንጠባጠብ ከረጢቱ ይሸፈናል። እኔ እዚያ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ፣ የአንድ ወር ደሞዜ በጨርቅ ተሸፍኖ ጠብ ጠብ ሲል አያለሁ። አንደኛው መድኃኒት ደግሞ ደማቅ ቀይ ነው። ወንድሜ ነርሷ ይዛው ስትመጣ «የወይን ጠጁ ደረሰ» ይል ነበር። ማስመለሱ እስኪጀምር ድረስ ይቀልዳል።

አሁን ለመናገር ወደምፈልገው ልምጣ። ወንድሜ 19 ዓመቱ መሆኑ ራሱ ወጪ ነበር።

ለልጆች ካንሰር የሚቆም ሰው በአገራችን አለ፣ ምስጋና ይግባቸው። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ትንሽ ልጃቸውን በደም ካንሰር ተነጥቀው፣ በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቁመዋል። ልጆቻቸው የታመሙባቸው ወላጆች የመሠረቱት ተስፋ አዲስም አለ፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ልጆች ማረፊያ የሚሰጥ። የልጅ ፊት ሰውን ያራራል። ራሰ በራ የሆነች የአምስት ዓመት ሕፃን ስታይ እጅህ ወደ ኪስህ ይሄዳል። ወንድሜ ግን ጢም ነበረው። አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው። እኛም «ዕድሜው አልፏል» ብለን የትም ሳንጠይቅ ቀረን።

ለልጅ ትልቅ ነበር። ለትልቅ ደግሞ ልጅ ነበር። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ሲታመም መሥሪያ ቤቱ የሕክምና ፈቃድ ይሰጠዋል። የሚያስይዘው ቤት፣ የሚሸጠው ነገር ይኖረዋል። የ19 ዓመት ልጅ ምን አለው? አንድ ያረጀ ላፕቶፕ፣ አንድ የእግር ኳስ ጫማ። የወጣት ካንሰር ሁልጊዜ በሌላ ሰው ሀብት ነው የሚታከመው፣ ታማሚውም ይህን ያውቃል። እያንዳንዱን ብር እያየ ነው የሚታከመው። አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት መሬት ላይ ተኝተን «እትዬ፣ ስድስተኛው ላይ ባቆምስ? ግማሹን ወስጃለሁ እኮ» አለኝ። እብጠቶቹ ጠፍተው ነበር። ያልታየ ሁሉ የዳነ ይመስላል። «ፈተና ግማሹን ሠርተህ ትወጣለህ እንዴ?» አልኩት። የመምህር መልስ ነው፣ ሌላ አልመጣልኝም።

የጤና መድኑስ የሚል ይኖራል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ እዚሁ ጅማ ዞን ያለችው ሊሙ ኮሳ ነበረች። ግን እሱ የገበሬውና የራሱን ሥራ ለሚሠራው ነው። ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለጡረተኞች የታሰበው ሌላ ነው፣ ማኅበራዊ የጤና መድን። አዋጁ ቁጥር 690/2002 ነው። ወጣ፣ ተነበበ፣ ተቀመጠ። ከደሞዛችሁ 3 በመቶ ይቆረጣል ሲባል በየመሥሪያ ቤቱ ማጉረምረም ሆነ። ካጉረመረሙት አንዷ እኔ ነኝ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል «ሳንታመም ለምን እንከፍላለን» ብዬ ቆሜ ተናግሬያለሁ። ያጨበጨቡልኝም ነበሩ። ባይዘገይም ኖሮ ወንድሜን ላይሸፍነው ይችል ነበር፣ ምክንያቱም በአዋጁ ቤተሰብ ሲባል ልጅ እስከ 18 ዓመቱ ነው። ይህ ግን ያኔ የተናገርኩትን አይመልስልኝም።

ነጻ የሕክምና ወረቀት ለማውጣትም ቀበሌ ሄደናል። ሠራተኛው ጨዋ ነበር። አባባን ከላይ እስከ ታች አያቸው። ጫማቸው ተወልውሏል፣ ጃኬታቸው ተተኩሷል። «አባቴ፣ ጡረታ አለዎት፣ ልጅዎ መምህር ናት፣ ማሳ አለዎት። ምን ብዬ ልጻፍ?» አላቸው። አባባ «እውነት ብለሃል» ብለው ወጡ። መንገድ ላይ ምንም አልተናገሩም። አዌቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ብቻ «ጫማዬን ባልወለውል ይሻል ነበር» አሉ።

ዕድራችን ከሃያ ዓመት በላይ የከፈልንበት ነው። ወንድሜ ቢሞት ድንኳን ይተከል ነበር። ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ንፍሮው ይመጣ ነበር። እማዬ በእጇ ብር ይሰጣት ነበር። በሕይወት እያለ ግን ደንቡ አንድ ብር አያወጣም። እማዬ ይህን አስባ አንድ ቀን ሳቀች፣ የሚያስፈራ ሳቅ። የዕድሩ ዳኛ አንድ ማታ መጡ። በርጩማው ላይ ተቀምጠው ቡናቸውን እስከ በረካ ጠጡ። ሲወጡ ሲኒው ሥር የታጠፈ ፖስታ ትተው ነበር። አባባ ሊመልሱላቸው ሲከተሏቸው «ይሄ ከዕድሩ አይደለም፣ ከቤቴ ነው» አሏቸው። አሁን አንዳንድ ዕድሮች ለታመመ አባል ማበደር ጀምረዋል ሲባል እሰማለሁ። ደስ ይለኛል።

ጓደኞቼ ሌላ ሐሳብ አመጡ። ፎቶውን እናሳትመው፣ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነን መርካቶና ፈረንጅ አራዳ እንዙር፣ የባንክ ቁጥሩን ፌስቡክ ላይ እንለጥፍ። ወንድሜ ሰምቶ ከክፍሉ ወጣ። «ፎቶዬ ተለጥፎ በጅማ አልዞርም። ድኜ ከዚያ በኋላ የት ልኑር?» አለ። ያኔ ተናድጄበት ነበር። በብር ተጨንቀን አንተ ስለ ክብር ታወራለህ አልኩት። አሁን ሳስበው ከሁላችንም ይልቅ እንደሚድን ያመነው እሱ ነበር። የኳስ ጓደኞቹ ለእሱ ሳይነግሩት በየቤቱ ዞረው አዋጥተው ለእማዬ በላስቲክ አመጡላት። ከሳንቲም ጀምሮ ነበረበት። አባባ «የልጆች» ብለው መዘገቡት። ከወጪው ሁሉ መሐል ያለ ብቸኛ ገቢ ነው።

አሁንም አልበቃም። እናም መጋቢት መጨረሻ ላይ ቡናውን በአበባው ሸጥነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ዝናቡ ሲመጣ ቡና በአንድ ጊዜ ያብባል። ማሳው ነጭ ይለብሳል፣ ሽታው መንገድ ድረስ ይመጣል፣ በሁለት ሦስት ቀን ደግሞ ይረግፋል። ገንዘብ የቸገረው ሰው በዚያን ጊዜ ነጋዴ ይጠራል። ነጋዴው ዛፉን እያየ ይገምታል፣ ከፍሎ ይሄዳል፣ ፍሬው ሲቀላ መጥቶ ይለቅማል። ዋጋው የቸገረው ሰው ዋጋ ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአበባው የሚሸጡትን ሲገስጹ የኖሩ ናቸው፣ «ያልተወለደ ልጅ ይሸጣል?» እያሉ። የዚያን ቀን ነጋዴው ብሩን ሲቆጥርላቸው ፊታቸውን ወደ ማሳው አላዞሩም። የ2008 ለቀማ ሲደርስ የሰው ሠራተኛ በእኛ ማሳ ላይ ዘፈነ። ደብተሩ ከፊት በኩል በዚያ ዓመት ሁለት ቃል ብቻ አለው። «ለቀማ፦ የለም።»

በዚያው ክፍል ከወንድሜ አጠገብ የሚታከም አንድ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ከእኛም ወዲያ ከገጠር ነው የሚመጣው። አንድ ዓይነት በሽታ፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት። እናቱ አማርኛ ብዙ አትችልም፣ እኔ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ አስተረጉምላት ነበር። ብሩን ከመቀነቷ እየፈታች ነበር የምትከፍለው። በየዙሩ መቀነቷ ቶሎ ይፈታል። በአምስተኛው ዙር አልመጡም። ዘገዩ አልን። በስድስተኛውም አልመጡም። ነርሷ ካርዱን ከመደርደሪያው አንስታ ሌላ ቦታ አስቀመጠችው። ሞተ ብሎ የነገረን የለም፣ ዳነ ብሎም የነገረን የለም። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ስለ ማቆም አላነሳም።

ደብተሩ ያልያዘው ብዙ ነው። ወንድሜ የመጀመሪያውን ኬሞ ከመውሰዱ በፊት ዊዝድሮው፣ የትምህርት ማቋረጫውን ፎርም፣ መሙላት ነበረበት። ካንሰር ነው ሲባል ያላለቀሰ ልጅ ያን ፎርም ሲሞላ አለቀሰ። ጓደኞቹ አንድ ዓመት ቀደሙት፣ እስከ ዛሬም ይቀድሙታል። እኔ ያን ዓመት ማስተርስ ልጀምር ተመዝግቤ ነበር። ኋላ ጀምሬ ጨርሻለሁ፣ አላማርርም። እማዬ ደግሞ የአንገት ሀብሏ የት እንደሄደ እስከ ዛሬ አልነገረችንም። «ጠፋብኝ» ትላለች። እማዬ ዕቃ የሚጠፋባት ሰው አይደለችም።

ዛሬ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያን ሁሉ መንገድ አንሄድም ነበር። ለዘመናት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ጅማ ላይ የጨረር መሣሪያ ተተክሎ ይሠራል፣ ኬሞም እዚሁ ይሰጣል። ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከመቱ የሚመጣው ታማሚ ጊቤን ሳይሻገር ይታከማል። ለእሱ የትኬቱ ወጪ ያነሰ ነው። ግን ከቦንጋም ትኬት አለ፣ ከሚዛንም አለ፣ አልጋና ሾርባም አለ። አንዳንዴ ሆስፒታል በር ላይ ፌስታል ይዘው የተቀመጡ ወጣቶችን አያለሁ። አጠገባቸው ያለው ሰው በጣቱ ሲቆጥር ካየሁ ምን እንደሚቆጥር አውቃለሁ።

ወንድሜ 12ኛውን በመስከረም 2008 ጨረሰ። ዛሬ ሥራ ይዟል፣ አግብቷል፣ ሆድ አውጥቷል። ዕድርም ገብቷል። ደብተሩ ከቁም ሳጥን ጀርባ ወጣ ስለው ቅዳሜ መጣና ከኋላ ጀምሮ ገለጠው። ትንሽ ዝም ብሎ አነበበ። «ሳይወስድ ተመለሰ» የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ሄደ።

አንድ ነገር ረስቻለሁ። ሁለተኛው ዙር ካለፈ በኋላ ፀጉሩ በእጁ መውጣት ሲጀምር ሰፈራችን ያለው ፀጉር አስተካካይ ጋ ወስጄው ነበር። ሙልጭ አድርጎ ላጨው። ብር ሳወጣ ልጁ መላጫውን እያጠበ፣ ሳያየኝ፣ «ከእሱ አልቀበልም» አለ። ብሩን ይዤ ወጣሁ።

ከኋላ የተጀመረው ሂሳብ የሚያልቀው በኅዳር 2008 ነው። ከሱ በኋላ ሦስት ባዶ ገጾች አሉ፣ ከዚያ የቡናው ይጀምራል። የመጨረሻው መስመር የአባባ ጽሑፍ ነው፣ ከሌላው ሁሉ ሰፋ ብሎ የተጻፈ።

«ኅዳር 19። ፀጉር ቤት። 15 ብር። ተቀበለ።»